የጎደለው ስፍር፤ ጉዞ ወደ ዶሎ አዶ



የዛሬው ጉዟችን ሦስት አገሮች ወደሚገናኙበት ጥግ ነው። ዶሎ አዶ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ሶማሊያን ያያል፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ የኬንያዋ ማንዴራ ሩቅ አይደለችም። ከደጋው ምድር የሚወርዱት ገናሌና ዳዋ ረጅም ጉዟቸውን ጨርሰው እዚሁ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ከመገናኛቸውም ጁባ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ይወለዳል። ጁባ የደቡብ ሶማሊያን ምድር አጠጥቶ ኪስማዮ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ወንዙ ከኢትዮጵያ ወደ ሶማሊያ ሲወርድ፣ ሰው ደግሞ በጭንቅ ጊዜ ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ ሽቅብ ይመጣል። ዶሎ አዶን ዓለም እንዲያውቃት ያደረገው ይህ የሰው ጎርፍ ነው።

ይህች ሩቅ ከተማ ለቤተሰብ መጽሔት ምን ትሆናለች የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሀብታም መንግሥታት ለውጭ አገር እርዳታ የሚያወጡትን ገንዘብ ቆርጠዋል። ነገሩ በራዲዮና በጋዜጣ ስለ በጀትና ስለ በመቶኛ ብዙ ተወርቶበታል። ዶሎ አዶ ላይ ግን በጀት የሚባለው ነገር ስፍር ነው። ጎደለ ወይም ሞላ የሚባለው በማዳበሪያ ውስጥ ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳ፣ በአዶላና በነገሌ ቦረና በኩል የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ብዙ አገር ያያል። ሲዳማ ላይ እንሰትና ቡና ነው። ከአዶላ በኋላ ደኑ እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ ይሄዳል። ነገሌን ካለፉ በኋላ ግራሩ ያጥራል፤ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝሙ ኩይሳዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። የላሙ መንጋ ቦታውን ለግመል ይለቃል። የሰላምታው ቋንቋም ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ ይለወጣል። የማይለወጠው በየመንደሩ ብቅ የምትለው መስጊድ ናት፤ አንዳንዷ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራች፣ አንዳንዷም በድንጋይ ክብ ብቻ የታጠረች መስገጃ ናት።

ፊልቱ ከተማ ላይ ሻይ ለመጠጣት አረፍ ስንል አንድ እድሜው የገፋ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገባችን ተቀመጠ። አብሮን ይጓዝ የነበረው ወጣት፣ «ጋሼ፣ ወደ ዶሎ ጭነት አለ?» ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ሻዩን ካማሰለ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሲሚንቶም አለ፣ ስኳርም አለ፤ ያነሰው እህሉ ነው። ቀድሞ ለካምፕ እህል የሚሄድ መኪና እዚህ ጋ ተራ ጠብቆ ነበር ሻይ የሚያገኘው» አለ። ቀጥሎም፣ «የኛ ጭነት ሲያንስ የነሱ ድስት አነሰ ማለት ነው» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ተነሳ።

አምስቱ ጣቢያዎች

ከፊልቱ ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ አምስት የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች በተርታ ይገኛሉ። ቦቆልማንዮ በ2001 ዓ.ም.፣ መልካዲዳ በ2002 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ክፉው ዘመን መጣ። ደቡብ ሶማሊያ በጦርነት ላይ ሳለች ዝናቡ ተከታትሎ ቀረ፤ ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ረሃብ መግባቱን በይፋ አወጀ። በዚያ ረሃብ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት እንደሆኑ ኋላ የተደረገው ጥናት አስታውቋል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በእነዚያ ወራት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ዶሎ አዶ ይደርሱ ነበር። ኮቤና ሂላዌን በዚያው ዓመት፣ ቡራሚኖ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጥድፊያ ተከፈቱ። ኮቤ ላይ በረሃብ የደከመው ሕፃን ኩፍኝ ሲጨመርበት መቃብር ቆፋሪ እንኳ የደከመበት ጊዜ እንደነበረ የአካባቢው ሰው ዛሬም አይረሳውም። ያንን ሞት ያስቆመው የአላህ እዝነት ነው፤ ሰበቡ ደግሞ ክትባት፣ ንጹሕ ውኃ፣ አልሚ ምግብና በሰዓቱ የደረሰ እህል ነበር። የዚህን ሁሉ ዋጋ በብዛት የከፈለው የሌላ አገር ግብር ከፋይ ነው። ይህን መደበቅ ውለታ መካድ ይሆናል።

ዛሬ በአምስቱ ጣቢያዎች ከ200,000 በላይ ሰው ይኖራል። ትናንት ታዝሎ የመጣው ሕፃን ዛሬ ጺም አብቅሏል። በካምፑ ተወልዶ ሌላ አገር ያላየም ብዙ ነው። ቤቱም ከድንኳን ወደ እንጨትና ጭቃ ተሸጋግሯል። በሩ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ መጋረጃው የእህል ማዳበሪያ ነው። በማዳበሪያው ላይ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በፀሐይ ደብዝዞ ይታያል።

ስፍሩ የጎደለው የት ነው?

የእደላ ቀን ሴቶች ከፈጅር ሶላት በኋላ ይሰለፋሉ። የራሽን ካርዷን በሻሿ ጫፍ የቋጠረች የስድስት ልጆች እናት በአስተርጓሚ አነጋገርን። ወጣቱ ጓደኛችን «ሆዮ» ብሎ፣ ማለትም በቋንቋዋ «እናቴ» ብሎ፣ እህሉ ወር ያደርስ እንደሆነ ጠየቃት። ሳቀች። «ከእህሉ የተወሰነውን ለወፍጮና ለማገዶ ሸጣለሁ። የቀረው ለልጆች ነው። ወር የሚያደርሰው አላህ ነው እንጂ ስፍሩ አይደለም» አለች።

አንድ ሰው በቀን ሊያገኘው የሚገባው ምግብ 2,100 ካሎሪ ነው ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላጠረው ለስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን ቀድሞ ወደ 60 በመቶ ዝቅ አድርጎት ነበር። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ በ27 ጣቢያዎች ለሚገኙ 780,000 ስደተኞች ወደ 40 በመቶ ማውረዱን አስታወቀ። ይህ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ነው። ቀላል አድርገን ስንናገረው፣ አምስት እንጀራ ይገባው የነበረ ቤተሰብ ሁለት ተሰጠው ማለት ነው።

የዚህ መጀመሪያ የት ነው? ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዚያው ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ፈረሙ። በመጋቢት ወር መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ፕሮግራሞች 83 በመቶ ያህሉ መሰረዛቸው ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ይህ ድርጅት ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ራሱን ችሎ መሥራቱን አቆመ፤ የቀረው ሥራም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሥር ገባ። እንግሊዝም በየካቲት 2017 ዓ.ም. እርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ፣ ገንዘቡንም ለመከላከያ እንደምታውለው አስታወቀች። ጀርመንና ፈረንሳይም ቀንሰዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ውጤቱ በፍጥነት ታየ። በእርዳታው ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በምግብ እጥረት የተጎዱ 650,000 እናቶችና ሕፃናትን ማከም ለማቆም መገደዱን ገለጸ። በፊርማውና በድስቱ መካከል ውቅያኖስ አለ፤ ግን የፊርማው ዜና ድስቱ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ወራት አልወሰደበትም።

የቆረጡት ምን ይላሉ?

ሙስሊም ሚዛኑን አያዛባም፤ ስለዚህ የሌላውንም ወገን ቃል እንስማ።

አንደኛ፣ «የራሳችን ችግረኛ እያለ ለሩቅ አገር ብዙ እናወጣለን» ይላሉ። የቅርብን ማስቀደም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ እርዳታ የሚያወጣው ከ100 ብር ወጪ 1 ብር ያህል ነው። ሕዝቡ በጥናት ሲጠየቅ ግን ሩብ ያህሉ የሚወጣ ይመስለዋል። ሀብታም አገሮች እ.ኤ.አ. በ1970 በተባበሩት መንግሥታት የተያዘውን የ0.7 በመቶ ግብ ከጥቂቶቹ በስተቀር አልሞሉትም።

ሁለተኛ፣ «እርዳታው ይሰረቃል» ይላሉ። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ በብዛት ወደ ሌላ እየሄደ ነው በማለት በመላ ኢትዮጵያ እደላውን አቁመው ነበር። የስደተኞቹም ራሽን አብሮ ተቋረጠ፤ እስከ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያም አልተመለሰም። የድሃን እህል የሸጠ ሰው ነገ በአላህ ፊት የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን እናስተውል፤ እደላው ሲቆም የተራበው ሌባው አልነበረም። ሌባ የገባበትን ጎተራ ዘበኛ ያቆሙለታል እንጂ ልጆቹ ተኝተው ሳሉ አያቃጥሉትም።

ሦስተኛ፣ «እርዳታ ጠባቂነትን ያስተምራል» ይላሉ። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ካርድ ይዞ መሰለፍ የማንንም ክብር አይጠብቅምና። ግን የእርዳታው አሠራር ራሱ ለዚህ ተጠያቂ መሆኑን አንርሳ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከአገሪቱ የሚላከው የእርዳታ እህል እዚያው የተመረተ መሆን ነበረበት፤ ቢያንስ ግማሹም በአሜሪካ መርከብ መጫን ነበረበት። ገንዘቡ ለገበሬውም ለመርከበኛውም እዚያው ተርፎ ነው እህሉ እኛ ዘንድ የሚመጣው። ታዲያ ሰው ራሱን እንዲችል የሚያደርግ እርዳታ የለም ወይ? አለ። እሱን ለማየት ከመንገዱ ወጥተን ወደ ወንዙ እንውረድ።

ገናሌ ዳር

ከጣቢያዎቹ ወደ ገናሌ ሲወርዱ አቧራው በድንገት ያበቃና አረንጓዴ ይጀምራል። ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ሐብሐብ፣ አልፎ አልፎም የፓፓያ ዛፍ ይታያል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስዊድኑ የቤት ዕቃ ነጋዴ ድርጅት በጎ አድራጊ ክፍል የሆነው አይኪያ ፋውንዴሽን ለአምስቱ ጣቢያዎችና ለነባሩ ሕዝብ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሰጥቷል። በገንዘቡም ትምህርት ቤት፣ የፀሐይ ኃይል መብራትና ከገናሌ የሚጠለፉ የመስኖ ቦዮች ተሠሩ። በመስኖው ማኅበራት ውስጥ ስደተኛውና የአገሬው ገበሬ አብረው ታቅፈዋል። ምድሩን የወረረውን የፕሮሶፒስ እሾህ ቆርጠው ከሰል የሚሠሩ፣ ወተትና ሥጋ የሚሸጡ ማኅበራትም ተቋቁመዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር በር ከፍቷል።

ነገሩ ሁሉ ሰምሯል ብለን አናታልል። መሬቱ ለሁሉ አይበቃም። ፓምፕ ነዳጅና መለዋወጫ ይፈልጋል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የሶማሌ ክልልን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ደግሞ ወንዝ እንጀራም አደጋም መሆኑን አስታውሷል። ያም ሆኖ አንድ ቁም ነገር አለ። በማዳበሪያ የመጣው እርዳታ ቧንቧው ሲዘጋ በወሩ ጎደለ። በቦይ የመጣው እርዳታ ግን ሰጪው ከሄደ በኋላም መሬት ላይ አለ።

ቦዩ ዳር አረፍ ብለው ያገኘናቸውን የአካባቢውን ሽማግሌ ወጣቱ «አደር» ብሎ፣ «አጎቴ» እንደማለት፣ ስደተኞቹ ስለ መምጣታቸው ምን እንደተሰማቸው ጠየቃቸው። «ልጄ፣ ድንበሩን ያሰመረው ሌላ ነው፤ ወንዙ አንድ ነው፣ ጎሳው አንድ ነው። ሲመጡ ያለንን ወተት ሰጠናቸው። ከዚያ ወተቱ አለቀ። ያኔ ነው እህል የጫኑ መኪናዎች የመጡት» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «አሁን መኪናው ሲቀር እንደገና የኛ ወተት ተራ ነው። ግን ድርቁ ግመሉን ፈጅቶታል» አሉ።

እዚህ ላይ ነው የቁርጡ እውነተኛ ዕዳ ያለው። ሀብታም መንግሥት ሲቆርጥ ዕዳው አይጠፋም፤ ወደ ድሃው ጎረቤት ይዛወራል። ከዋሽንግተንና ከለንደን መዝገብ የተሰረዘው ወጪ ሊበን ውስጥ በአንድ ግመል አርቢ ወተት ላይ ይጻፋል።

ከነጃሺ አገር ልጆች ምን ይጠበቃል?

ኢትዮጵያ በኢስላም ታሪክ የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች የተቀበለች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የመጡት ሰሐቦች በንጉሥ ነጃሺ ዘንድ ተጠለሉ፤ ቁረይሾች ስጦታ ጭነው ይመለሱልን ቢሉም ንጉሡ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ግን ስደቱ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ ነው። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና ባልደረቦቻቸው ወደ መዲና የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያኖራቸው የአንድ ቀን ቸርነት አይደለም፤ በየዓመቱ የጸና ቃል ነው።

ዘካም እንዲሁ ነው። ኒሷብ የሞላና የጨረቃ ዓመት የዞረበት ገንዘብ 2.5 በመቶው የድሃው መብት ነው፤ የሰጪው ስሜት አይጠየቅበትም፣ ምርጫ በተካሄደ ቁጥርም አይቀየርም። በእርግጥ ይህ ከተቀመጠ ሀብት ላይ የሚታሰብ ስለሆነ ከመንግሥታት የገቢ በመቶኛ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ልዩነቱ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በመሠረቱ ላይ ነው፤ ስጦታ ሰጪው ሲከፋው ይቆረጣል፣ መብት ግን አይቆረጥም። ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች መካከል ድሃው፣ ምስኪኑና መንገደኛው አሉ። የዶሎ አዶ ሰው ሦስቱንም ነው።

ዘካተል ፊጥርን ደግሞ እንመልከት። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ሷዕ እህል፣ ማለትም በዛሬው ሚዛን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ይህን ያህል እህል 8,500 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አንድን ሰው በሙሉ ራሽን ለአራት ቀን ያቆማል። የአምስት ሰው ቤተሰብ ፊጥራ አንድን ስደተኛ ለሃያ ቀን ይመግባል ማለት ነው። ይህ የመንግሥታትን ጉድለት ይሞላል ብለን ራሳችንን አንሸውድም፤ 780,000 ሰው የሚመገበው በመርከብ በሚመጣ እህል ነው። ግን ምንም አይደለም የሚል ሰው አራት ቀን ጾሞ ይሞክረው።

ስለዚህ ለአንባቢያን ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ዘካችሁን በግምት ሳይሆን በወረቀትና በእርሳስ አስሉ፤ ልጆቻችሁም ሲሰላ ይዩ። ሁለተኛ፣ ስትሰጡ እህሉንም ቦዩንም አስቡ፤ ለተራበ ዛሬ እህል፣ ለነገው ደግሞ ፓምፕ፣ ዘር፣ የወፍጮ ቤት ያስፈልጋል። ቀደምቶቻችን ጉድጓድና የእርሻ መሬት ወቅፍ ያደርጉ የነበረው ሰጪው ከሞተ በኋላም ስጦታው እንዳይቆም ነው። ሦስተኛ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ግብር ከፋዮችና መራጮች ናችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ለእንደራሴዎቻችሁ መናገር መብታችሁ ነው። ቁጥጥር ይጥበቅ በሉ፤ እህል በአካባቢው ይገዛ በሉ፤ መቀነስ ካለበትም በጊዜ ተነግሮ፣ ቀስ በቀስ ይሁን በሉ።

ከዶሎ አዶ ስንመለስ መንገዱ ላይ ወደ ጣቢያዎቹ የሚወርዱ ሁለት እህል የጫኑ መኪናዎች አጋጥመውናል። ሸራቸው ላላ ብሎ በነፋስ ይመታል፤ ጭነቱ ሙሉ እንዳልሆነ ከሩቅ ያስታውቃል። አላህ ጎዶሎውን የሚሞሉ እጆች ያድርገን። አሚን።